ቤተሰብ ይዞ ጣና ላይ፦ ከዝግጅት እስከ መመለሻ

እኛ ጎጃሞች ጣናን የምናውቀው ዳር ላይ ቆመን ነው። ለሠርግ ባሕር ዳር እንመጣለን፣ ለሕክምና እንመጣለን፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልናደርስ እንመጣለን፤ ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን አሳ እንበላና ፎቶ ተነስተን ወደ ማርቆስ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ዳንግላ እንመለሳለን። ጀልባ ተከራይቶ ውሃ ላይ መዋል የሩቅ እንግዳ ሥራ ይመስለናል። አይደለም። ልጆቼ ከሄዱበት ቦታ ሁሉ እስከ ዛሬ ደጋግመው የሚያወሩት ስለዚያ ቀን ነው።

የመጀመሪያው ጉዟችን ግን አላማረም። እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ ነበር የወጣሁት፤ ትንሹ ያኔ 4 ዓመቱ ነው። በአንድ ቀን አምስት ገዳም ልናይ አስበናል። መጀመሪያ የቆምነው ክብራን ገብርኤል ላይ ነው። እናቴ ከዋዜማው ጀምራ ነጠላዋን አጥባ፣ ጧፍ ገዝታ ተሰናድታለች። ክብራን ሴት እንደማይገባበት የሰማነው ጀልባው ከተጠጋ በኋላ ነው። ቀድሞ የጠየቀ ሰው አልነበረም። "ግድ የለም፣ እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ" አለችና ጀልባው ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ቀረች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፤ ትንሹ ልጅ እያስመለሰው፣ እናቴ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ እየጸለየች ተመለስን።

በሁለተኛው ጉዞ ሁሉንም ቀየርነው። የጀልባ ቀን የሚታቀደው ከቤተሰቡ በጉልበት ደከም ያለውን ሰው አስቦ ነው። ለአያትና ለሕፃን ከተመቸ ለሌላው ሁሉ ይመቻል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቤተሰብ ምርጡ ነው። ዳሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ሙቀቱም አይከብድም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎችም ስላሉ ለልጆች የሚታይ ነገር ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳይታሰብ ይወርዳል፣ የደሴቶቹ መንገድም ጭቃ ነው፤ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ተዉት።

ሁለት ነገር አብራችሁ አስቡ። አንደኛው ጾም ነው። አሳ መብላት የቀኑ ደስታ አንዱ ክፍል ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ እናቴ በጾም አሳ አትቀምስም። ረቡዕ፣ ዓርብና ትልልቆቹን አጽዋማት አይታችሁ ቀን ምረጡ። ሁለተኛው የንግሥ በዓል ነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ያን ቀን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ ካሰባችሁ ለበዓሉ ሂዱ። በረከቱ ትልቅ ነው፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ረጋ ብሎ ሥዕል ለማየትና ለልጅ ለማስረዳት ግን ተራ ቀን ይሻላል።

ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያለ ዘመድ ወይም የምታውቁት ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ወር ሙሉ ያቀዳችሁት ቢሆንም "አሁን አትምጡ" ካሏችሁ ቅሩ። ጣና የትም አይሄድም።

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በቡሬና በእንጅባራ በኩል ወደ 265 ኪሎ ሜትር ነው። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ በማግስቱ ሌሊት ልጅ ቀስቅሶ ጀልባ ማሳፈር አይሆንም፤ ትልቅ ሰው ራሱ እግሩ ያብጣል። ከተቻለ መሐል ላይ አንድ የዕረፍት ቀን አድርጉ። ካልተቻለም ጠዋት ተነሥታችሁ ከሰዓት ግቡ፣ ልጆቹን በጊዜ አስተኙ።

የት የት እንደምትሄዱ

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ 37 ያህል ደሴቶች አሉበት፣ ግማሽ ያህሎቹ ላይ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁሉን በአንድ ቀን ማየት አይታሰብም። ሁለት ቦታ፣ ቢበዛ ሦስት። እንደ ቤተሰባችሁ አቅም ከእነዚህ አንዱን ያዙ።

ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ካለ ደብረ ማርያም ይበቃችኋል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አጠገብ ያለች ደሴት ናት፣ ሴትም ወንድም ይገባባታል፣ ከከተማው ቅርብ ስለሆነች ልጅ ቢያለቅስ ወዲያው መመለስ ይቻላል። ከእሷ ጋር የዓባይን መውጫ ታያላችሁ። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው ዘጌን ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም እዚያ ናቸው፣ ሁለቱም ለሴቶች ክፍት ናቸው። ስትመለሱ በዓባይ መውጫ በኩል ዞር ብላችሁ ጉማሬ ፈልጋችሁ ትገባላችሁ።

ክብራን ገብርኤል የግድ ካላችሁ ከእንጦስ ኢየሱስ ጋር አያይዙት። ሁለቱ ደሴቶች ጎን ለጎን ናቸው። እንጦስ ሴቶች ይገባሉ፣ ክብራን ደግሞ ወንድ ብቻ። መጀመሪያ ሴቶቹን እንጦስ አድርሳችሁ ወንዶቹ ክብራንን ተሳልመው መምጣት ነው። እናቴን ጀልባ ውስጥ ያስቀረነው ይህን ባለማወቅ ነው። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ መከበርም አለበት፤ ጥፋቱ አለመጠየቃችን ነበር።

ዳጋ እስጢፋኖስ ሩቅ ነው፣ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል፣ እሱም የወንዶች ብቻ ነው። የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲለደስ አጽም ያረፈው እዚያ ነው። ታሪክ የሚወድ ጎረምሳ ልጅ ካላችሁ አባትና ልጅ ሆናችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም በዚያው አቅጣጫ ደቅ ደሴት ዘንድ ናት፤ ሕፃን ይዞ ግን መንገዱ ይረዝማል።

ጢስ ዓባይን ከጀልባው ቀን ጋር አታደባልቁ። በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የእግር መንገድም አለው፣ የራሱን ቀን ይፈልጋል።

ጀልባውን መከራየት

ይህን ከዋዜማው ጨርሱት። ጠዋት ልጆች ይዞ ወደቡ ላይ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ማታ ሄዳችሁ ጀልባውን በዓይናችሁ እዩት። ጣራ አለው ወይ? ጣራ የሌለውን እንዳትይዙ፣ ፀሐዩ አይቻልም። መቀመጫው መደገፊያ አለው? ወለሉ ላይ ውሃ አቁሯል? ሞተሩን አስነሡት። ትርፍ ነዳጅ ይይዛሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ግልጽ ይሁን። ዋጋው የሙሉው ጀልባ ነው ወይስ የአንድ ሰው? የትኞቹ ቦታዎች ላይ ይቆማል? እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የአስጎብኚ ገንዘብ ውስጡ አለ? የገዳማቱ መግቢያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ። ገንዘቡን ሁሉ ቀድማችሁ አትስጡ፤ የነዳጁን ከፍላችሁ ቀሪውን ስትመለሱ ስጡ። የጀልባ ነጂውን ስልክ ያዙ፣ የእናንተንም ስጡት፣ ከተማ ላለ ዘመድም የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ።

ለጥቂት ብር ተብሎ ከማታውቁት ሰው ጋር ጀልባ መጋራት ከልጆች ጋር አይመከርም። የእናንተ ብቻ ሲሆን "ይብቃን፣ እንመለስ" ማለት ትችላላችሁ። ልጅ ያለው ሰው ይህን ነጻነት መግዛት አለበት።

ላይፍ ጃኬት

እዚህ ላይ ድርድር የለም። በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን ማታውኑ ቆጥራችሁ አረጋግጡ፣ የልጅ ልክ መኖሩንም እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የትልቅ ሰው ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ጃኬት ቢያደርግ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ ይሾልካል። ስትለኩት እንዲህ አድርጉ፤ ቁልፉን ሁሉ ዝጉ፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ከዚያ ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻ በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቷል ማለት ነው። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ከተገኘ ለሕፃን እሱ ይሻላል። ልካቸው ካልተገኘ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ልጆች እምቢ እንዳይሉ መጀመሪያ ትልቁ ሰው ይልበስ። አባትየው ጃኬቱን መቀመጫ ላይ ጥሎ ልጁን "ልበስ" ቢለው አይሰማውም። እናቴ በመጀመሪያ "እኔ አሮጊት ነኝ፣ ለኔ ተዉት" ብላ ነበር። ትንሹ ልጅ "እማማ ካልለበሰች እኔም አልለብስም" ሲል ለበሰች።

ጀልባ ላይ ለእያንዳንዱ ትንሽ ልጅ አንድ ተጠያቂ ሰው መድቡ። "ሁላችንም እናያለን" ከተባለ ማንም አያይም።

የሚያዝ ነገር

ውሃ በብዛት ያዙ፣ ከምታስቡት በላይ። ኮፍያ ለሁሉም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ ውሃውም መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል፤ ጣራ ሥር ተቀምጣችሁ እንኳ ትቃጠላላችሁ። ሰንስክሪን ካላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ተቀቡ። ለጠዋቱ ብርድ ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ ጀልባው ሲፈጥን ነፋሱ ያንዘፈዝፋል። ትርፍ የልጅ ልብስ፣ ሶፍት፣ ባዶ ፌስታል ለቆሻሻም ለማስመለሻም። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ።

ትንንሾቹ ጀልባዎች መጸዳጃ የላቸውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከሆቴል ሳይወጣ መጸዳጃ ቤት ይግባ፣ ለሕፃኑም ፖፖውን ያዙለት። ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ቀኑን ግን ያድናል።

ምግቡ ቀለል ያለ ይሁን። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ለሚበላ ሰው እንቁላል። ወጥ አትያዙ፤ ይደፋል፣ ሽታውም ሆድ ለተረበሸ ሰው አይሆንም። ሻይ በፔርሙስ ይዛችሁ ዝንጅብል ጨምሩበት። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ጀልባም ላይ ሊያስመልሰው ይችላል፤ መድኃኒት ካስፈለገ በዕድሜውና በኪሎው ፋርማሲስት አስቀድማችሁ አማክሩ። የሚሠራው ቀላሉ ነገር ግን ጀልባው መሐል ወይም ወደ ኋላ ማስቀመጥ፣ ስልክ መቀማትና ሩቅ ያለውን የተራራ መስመር እንዲያይ ማድረግ ነው።

ጠዋቱ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀልባው ላይ ሁኑ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ጀልባውንም ያንገጫግጨዋል። እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ 7 ሰዓት ድረስ ተመልሳችሁ ወደቡ ላይ መሆን ነው ዕቅዱ። በመጀመሪያው ጉዞ ስንመለስ 10 ሰዓት አልፎ ነበር።

ጀልባው ከዳሩ ሲርቅ ደንገል ታንኳ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ታያላችሁ። ይህን ጥበብ ይዘው የኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ታንኳ ሲያጋጥማችሁ ነጂውን "ወንድሜ፣ ቀስ በል" በሉት፤ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ሞገድ ታንኳ ያናውጣል። ልጆቹ ዞረው ሰላም ሲሉ ባለታንኳዎቹ እጃቸውን ያነሣሉ፤ የኔ ልጆች ከገዳሙም ከጉማሬውም ይበልጥ የወደዱት ይሄን ነው።

ወይን ጠጅ አበባ ያለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ካያችሁ እንቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሐይቁን ሲያስቸግር የኖረ ነው፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ። አበባው ስለሚያምር ልጆች ቀጥፈው ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። እምቢ በሏቸው፣ ለምን እንደሆነም ንገሯቸው፤ ከተቆረጠው ቁራጭ ብቻ ሌላ ቦታ ላይ ይበቅላል።

ውሃው ውስጥ አይዋኝም፣ ዳሩ ላይም ባዶ እግር አይገባም። ቢልሃርዝያ አለ። ልጅ ጫማውን ሲያወልቅ ዓይናችሁ ይኑርበት።

ዘጌ ስትደርሱ

ከመውረጃው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡና ጫካ ውስጥ የሚያልፍ አቀበት አለ። ለጎልማሳ 20 ደቂቃ ነው። ለእናቴ 40 ደቂቃ ፈጀ። አልተቻኮልንም፤ በየመሐሉ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች ልጆቹን ጫካውን ታሳያቸው ነበር። አቡነ በትረ ማርያም ጸልየው ለዘጌ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደተሰጣት፣ ለዚህም አገሬው በሬ ጠምዶ እንደማያርስ የሚነገረውን ነገረቻቸው። ልጆቹ የቡና ፍሬ ዛፍ ላይ ቀልቶ ያዩት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። አቀበቱ የሚከብደው ሰው ካለ ለመውረጃው አዝዋ ማርያም ቅርብ ናት፤ እሷን ብቻ ተሳልሞ መመለስም ሙሉ ጉዞ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፣ ከውስጥ ፎቶ ለማንሣት መጀመሪያ ካህኑን "አባ፣ ይፈቀዳል?" ማለት ነው። ፍላሽ በምንም መንገድ አታብሩ፤ ሥዕሉን ይጎዳል። ወለሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለሽማግሌ ካልሲ ያዙ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ የመቅደሷ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ልጆችን ከሥዕል ወደ ሥዕል አታሯሩጧቸው። አንድ ታሪክ ምረጡ። እኛ ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ እናቴ ልጆቹን ይዛ በላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ቆመች። ሰው ሲበላ የኖረው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ እንደሰጠና ያች ውሃ በሚዛኑ ላይ እንደመዘነችለት ነገረቻቸው። አስጎብኚው ዝም ብሎ አብሮ አዳመጠ። ትንሹ ልጅ "ጥርኝ ውሃ ስንት ነው?" አለ፤ እጇን እንደ ጽዋ አድርጋ አሳየችው። እንግዲህ ክብራን ላይ ጀልባ ውስጥ የቀረችው ሴት ናት። አያት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ቦታ ልቀቁላቸው፤ ማንም አስጎብኚ እንደነሱ አይነግራቸውም።

መመለሻ ላይ

ዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ብትፈልጉ ጠዋት ወይም በመመለሻ ላይ ሊታይ ይችላል፣ ላይታይም ይችላል። ለልጆቹ "እናያለን" ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ "እንፈልጋለን" በሉ። ከታየ ነጂው አይጠጋ። ጉማሬ ከሩቅ ሰነፍ ቢመስልም ጀልባ የሚገለብጥ አውሬ ነው። "ጠጋ በልልን፣ ጉርሻ እንሰጥሃለን" የሚል ሰው ቤተሰቡን አደጋ ላይ እየጣለ ነው።

ነፋሱ ቀድሞ ቢነሣ ሁሉም ይቀመጥ፣ ማንም ፎቶ ለማንሣት አይቁም፣ ክብደቱ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ነጂው "እንጠብቅ" ካለ ጠብቁ፤ ውሃውን የሚያውቀው እሱ ነው። ዳር ስትደርሱ መጀመሪያ አንድ ጎልማሳ ይውረድ፣ ከዚያ ልጆች በእጅ ይሰጡት፣ ሽማግሌው ደግሞ ጀልባው በደንብ ከታሰረ በኋላ።

ምሳችሁን አሳ ብሉ። ቆሮሶ ለልጅ ያዘዘ ሰው እሾሁን ራሱ ይልቀምለት፤ አምባዛ ሥጋው ወፈር ስለሚል ለሽማግሌ ይቀላል። ከዚያ ተኙ። ከሰዓት ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።

ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ። ባሕር ዳርና ዘጌ ወባ አለ፣ ከደጋ የመጣ ልጅ ደግሞ አልለመደውም። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ጣና ደርሶ እንደመጣ ለሐኪሙ ንገሩና ደም ይመርመር።

ዘጌ ላይ ቡና መግዛታችሁ አይቀርም። ጥሬውን ግዙ፣ ትንሽም ቢሆን። እኛ ማርቆስ በገባን በሦስተኛው ቀን ትልቋ ልጄ ራሷ ቆልታ አፈላችው። እናቴ አቦሉን ተቀብላ ጎረቤቶቿን "ይሄ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ የመጣ ነው፤ በእግሬ ወጥቼ ነው ያመጣሁት" አለቻቸው።